«እየሮጠ ወጣ» ብለን እንጀምር፦ የእንግሊዝኛን ፍሬዛል ቨርብና ተውሳከ ግሥ ወደ ስፓኒሽ እንዴት እንመልስ?

እንግሊዝኛው «ሂ ራን አውት ኦፍ ዘ ሩም» ይላል። ስፓኒሽ የጀመረ ሰው መዝገበ ቃላት ይከፍታል። «ራን» «ኮሬር» ነው። «አውት» «ፉዌራ» ነው። ሁለቱን ገጣጥሞ «ኮሪዮ ፉዌራ ዴል ኩዋርቶ» ብሎ ይጽፋል። ስፓኒሽ ተናጋሪው ይህን ሲያነብ ሰውየው ከክፍሉ ውጭ፣ ግቢ ውስጥ ወይም መንገድ ላይ ሲሮጥ ይታየዋል። ከክፍሉ መውጣቱ ግን የለም። ትክክለኛው «ሳሊዮ ኮሪዬንዶ ዴል ኩዋርቶ» ነው።

አሁን ያንኑ ነገር በአማርኛ በሉት። «ከክፍሉ እየሮጠ ወጣ።» «ወደ ውጭ ሮጠ» ማለት ይቻላል፤ ግን ቀድሞ አፋችን ላይ የሚመጣው «ሮጦ ወጣ» ነው። ዋናው ግሥ «ወጣ» ነው፤ ሩጫው አጃቢ ነው። ስፓኒሹም ልክ እንደዚሁ ነው። «ሳሊዮ» ወጣ፤ «ኮሪዬንዶ» እየሮጠ።

ብዙዎቻችን ስፓኒሽን የምንማረው በእንግሊዝኛ በኩል ነው። መጽሐፉም፣ አፑም፣ ቪዲዮውም በእንግሊዝኛ ነው የሚያስረዳው። ስለዚህ አማርኛችንን ደጅ ትተን እንገባለን። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ አድርጌያለሁ፤ ብዙ ጊዜም አጥፍቶብኛል። በእነዚህ ሁለት ጉዳዮች፣ ማለትም በፍሬዛል ቨርብና በተውሳከ ግሥ፣ አማርኛ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ለስፓኒሽ ይቀርባል። የዚህ መመሪያ መንገድ ይኸው ነው፦ እንግሊዝኛውን መጀመሪያ በአማርኛ አስቡት፤ ከዚያ ወደ ስፓኒሽ ተሻገሩ።

አንድ ማሳሰቢያ ብቻ። የስፓኒሽ ቃላቱን በፊደላችን የጻፍኳቸው በላቲን አሜሪካ እንደሚነገሩት ነው። «ኾታ» የሚባለውን የጉሮሮ ድምፅ «ኸ» አድርጌዋለሁ።

1. ትንሿ ቃል ምን እየሠራች ነው?

ፍሬዛል ቨርብ ማለት አንድ ግሥና እንደ «አፕ»፣ «አውት»፣ «ኦፍ» ያለች ትንሽ ቃል አብረው ሲሄዱ ነው። ከመተርጎማችሁ በፊት ትንሿ ቃል ምን ሥራ ላይ እንዳለች ለዩ። «አፕ»ን ብቻ እንውሰድ።

«ጎ አፕ ዘ ስቴርስ» ሲባል «አፕ» አቅጣጫ ታሳያለች። ወደ ላይ ነው። «ኢት አፕ ዩር ፉድ» ሲባል ግን ወደ ላይ የሚሄድ ነገር የለም። «አፕ» እዚህ ጋ «ጨርሰህ» ማለቷ ነው። «ጊቭ አፕ» ሲባል ደግሞ አቅጣጫም የለም፣ መጨረስም የለም። መስጠት እንኳን የለም። ሁለቱ ቃላት ተዋህደው ሌላ ትርጉም ወልደዋል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ትንሿን ቃል አንሷትና ግሡን ብቻ ተመልከቱ። ሰውየው አሁንም እየሄደ ከሆነ አቅጣጫ ነበረች። አሁንም እየበላ ከሆነ፣ ግን መጨረሱ ካልታወቀ፣ ማሟያ ነበረች። የግሡ ትርጉም ራሱ ከጠፋ የተዋሃደ ነው። ሦስቱ ወደ ስፓኒሽ የሚሻገሩበት ድልድይ የተለያየ ነው።

2. አቅጣጫ ከሆነች ዐረፍተ ነገሩን ገልብጡት

እንግሊዝኛ አቅጣጫውን በትንሿ ቃል፣ አኳኋኑን በግሡ ይናገራል። ስፓኒሽ አቅጣጫውን ግሥ ያደርገውና አኳኋኑን ኋላ ያስከትላል። ስለዚህ «ኢን» «ኤንትራር» ይሆናል፤ መግባት። «አውት» «ሳሊር»፤ መውጣት። «ዳውን» «ባኻር»፤ መውረድ። «አክሮስ» «ክሩሳር»፤ መሻገር። «ባክ» «ቦልቤር» ወይም «ሬግሬሳር»፤ መመለስ። «አዌይ» «ኢርሴ» ወይም «አሌኻርሴ»፤ መሄድ፣ መራቅ።

እዚህ ላይ ለእኛ ብቻ የተዘጋጀች ወጥመድ አለች። አማርኛ «ከቤት ወጣ» ይላል፤ «ተራራ ወጣ»ም ይላል። ግሡ አንድ ነው። ስፓኒሽ ግን ይለያቸዋል። ከቤት መውጣት «ሳሊር» ነው፤ ተራራ ወይም ደረጃ መውጣት «ሱቢር» ነው። እንግሊዝኛው ላይ «አፕ» ካለ ወደ «ሱቢር»፣ «አውት» ካለ ወደ «ሳሊር» ሂዱ።

ጥቂት ምሳሌዎች እንይ። ሦስቱንም ቋንቋ ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው፤ ጆሮ ከሕግ ይበልጣል።

«ዘ በርድ ፍሉ አዌይ»፦ ወፏ በርራ ሄደች። «ኤል ፓኻሮ ሴ ፉዌ ቦላንዶ።»

«ሺ ስዋም አክሮስ ዘ ሪቨር»፦ ወንዙን ዋኝታ ተሻገረች። «ክሩሶ ኤል ሪዮ ናዳንዶ።» ከዚህ ጠበቅ ያለው አባባል «ክሩሶ ኤል ሪዮ አ ናዶ» ነው፤ በዋና ተሻገረች።

«ዘ ቻይልድ ክሮልድ አንደር ዘ ቴብል»፦ ሕፃኑ እየዳኸ ጠረጴዛ ሥር ገባ። «ኤል ኒኞ ሴ ሜቲዮ ጋቴያንዶ ዴባኾ ዴ ላ ሜሳ።»

«ሂ ኪክድ ዘ ዶር ኦፕን»፦ በሩን በእርግጫ ከፈተው። «አብሪዮ ላ ፑዌርታ ዴ ኡና ፓታዳ።» ይቺን እወዳታለሁ። እንግሊዝኛው «በሩን ረገጠው፣ ክፍት» የሚል ዓይነት አጻጻፍ ነው። አማርኛና ስፓኒሽ ግን ተማክረው የጻፉት ይመስላሉ፤ ከፈተ፣ በሩን፣ በአንድ እርግጫ።

ይህን ልዩነት በሰፊው ያሳየው ሊዮናርድ ታልሚ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልሳን ምሁር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ጥናት። በእሱ አመዳደብ እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛና ሩሲያኛ መንገዱን ከግሡ ውጭ የሚያስቀምጡ ቋንቋዎች ናቸው። ስፓኒሽና ሌሎቹ የላቲን ልጆች፣ ቱርክኛ፣ ጃፓንኛና ሴማዊ ቋንቋዎች ደግሞ መንገዱን ግሡ ውስጥ ያስገባሉ። አማርኛም ዕብራይስጥም ሴማዊ ናቸው። እስራኤል ያደገ የኛ ልጅ ስፓኒሽ ቢጀምር ሁለት አጋዥ ቋንቋ ይዞ ነው የሚገባው።

ሁልጊዜ መገልበጥ ግን የለብንም። መግባት፣ መውጣት ወይም መሻገር ከሌለ፣ ማለትም ድንበር ካልታለፈ፣ ስፓኒሽም እንደ እንግሊዝኛው መናገር ይችላል። «ኮሪዮ አስታ ላ ካሳ» ትክክል ነው፤ «እስከ ቤቱ ድረስ ሮጠ»። ወደ ውስጥ ከዘለቀ ግን «ኤንትሮ ኮሪዬንዶ»፣ ሮጦ ገባ።

ሌላም ነገር አለ። እንግሊዝኛ «ሂ ዎክድ ኢን» ሲል «ተራምዶ ገባ» ብለን አንተረጉምም። ሰው ሲገባ በእግሩ ነው፤ «ገባ» ይበቃል። ስፓኒሽም «ኤንትሮ» ብቻ ይላል። ዳን ስሎቢን የተባለ ሌላ ምሁር የልብ ወለድ ትርጉሞችን ሲያነጻጽር ይህንኑ አስተውሏል፤ ወደ ስፓኒሽ የሚተረጉሙ ሰዎች አኳኋን ገላጩን ብዙ ጊዜ ይተዉታል። አኳኋኑ ለታሪኩ የሚጨምረው ነገር ካለ አስቀሩት። ከሌለ ያለ ሐሳብ ጣሉት።

3. «ጨርሶ» ማለቷ ከሆነ

«ሂ ኤት አፕ ዘ ሱፕ» በአማርኛ «ሾርባውን ጠጥቶ ጨረሰው» ነው። ስፓኒሽ ይህን የሚለው ግሡ ላይ «ሴ» በመጨመር ነው፦ «ሴ ኮሚዮ ላ ሶፓ»። «ኮሚዮ ሶፓ» ካልን ሾርባ በላ ብቻ ነው። «ሴ ኮሚዮ ላ ሶፓ» ካልን ሳህኑ ባዶ ነው። መጠጣትም «ቤቤር» እና «ቤቤርሴ» እያለ እንደዚሁ ይሄዳል። «ቶር አፕ ዘ ሌተር» ሲሆን አማርኛ «ደብዳቤውን ቀዳደደው» ይላል። ስፓኒሽ «ሮምፒዮ ላ ካርታ ኤን ፔዳሶስ» ይላል፤ ቁርጥራጭ አድርጎ ቀደደው እንደማለት።

አሁን ወደሚጣፍጠው ነገር ደረስን። «አይ ራን አውት ኦፍ ኮፊ።» ቃል በቃል ካየነው እብደት ነው፤ ከቡና ሮጬ ወጣሁ! በአማርኛ ምን እንላለን? «ቡና አለቀብኝ።» በስፓኒሽ? «ሴ ሜ አካቦ ኤል ካፌ።» አለቀ፣ በእኔ ላይ፣ ቡናው። ያቺ «ሜ» የኛ «ብኝ» ናት።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን አሠራር ለመረዳት ይለፋሉ። የሰዋስው መጻሕፍት ለብቻው ምዕራፍ ይሰጡታል። እኛ ግን ከእናታችን ጉያ ጀምሮ የምንናገረው ነው። «ሴ ሜ ካዮ ኤል ባሶ»፦ ብርጭቆው ወደቀብኝ። «ሴ ሜ ሮምፒዮ ኤል ቴሌፎኖ»፦ ስልኩ ተሰበረብኝ። «ሴ ሜ ፔርዲዬሮን ላስ ያቤስ»፦ ቁልፎቹ ጠፉብኝ። የመጨረሻውን አስተውሉ። ግሡ የሚስማማው ከቁልፎቹ ጋር ነው፤ ከእኔ ጋር አይደለም። አማርኛም «ጠፉ» ብሎ ከቁልፎቹ ጋር ያስማማል። ሰውየው ሲቀየር «ሜ» ትቀየራለች። «ሴ ቴ» አለቀብህ ወይም አለቀብሽ፣ «ሴ ሌ» አለቀበት ወይም አለቀባት፣ «ሴ ኖስ» አለቀብን።

አንድ ልዩነት አለ። የኛ «ብኝ» ጉዳት አለበት፤ ጥቅም ሲሆን «ልኝ» እንላለን። ስፓኒሽ ለሁለቱም «ሜ» ይበቃዋል። «ሴ ሜ ኦኩሪዮ ኡና ኢዴያ» ማለት «ሐሳብ መጣልኝ» ነው።

4. የተዋሃደ ከሆነ ትርጉሙን በአማርኛ አንድ ግሥ ፈልጉለት

«ጊቭ አፕ» መዝገበ ቃላት ውስጥ ከአንድ በላይ የስፓኒሽ ቃል አለው። የትኛው ነው? አማርኛው ይነግራችኋል። ጦርነት ላይ ከሆነ «እጅ ሰጠ»፤ «ሴ ሪንዲዮ»። ሲጋራ ከሆነ «ማጨስ ተወ»፤ «ዴኾ ዴ ፉማር»። ተስፋ ከሆነ «ተስፋ ቆረጠ»፤ «ፔርዲዮ ላ ኤስፔራንሳ»። አውቶቡስ ላይ ለአሮጊት ከሆነ «ቦታውን ለቀቀላት»፤ «ሴዲዮ ኤል አሲዬንቶ»። አራት የተለያዩ የአማርኛ ግሦች፣ አራት የተለያዩ የስፓኒሽ ግሦች። እንግሊዝኛው አንድ ላይ ያጨቀውን አማርኛው ፈታው።

«ቴክ ኦፍ»ም እንዲሁ ነው። ካፖርት ሲሆን «አወለቀ»፤ «ሴ ኪቶ ኤል አብሪጎ»። አውሮፕላን ሲሆን «ተነሣ»፤ «ዴስፔጎ»። «ብሬክ ዳውን» መኪና ሲሆን «ተበላሸ» ነው፤ ሜክሲኮ ውስጥ «ሴ ዴስኮምፑሶ»፣ ስፔን ውስጥ «ሴ አቤሪዮ»። ሰው ሲሆን «ለቅሶ ጀመረ»፤ «ሮምፒዮ አ ዮራር»። ሒሳብ ሲሆን «ዘርዘር አደረገ»፤ «ዴስግሎሶ»። «ሜክ አፕ» ታሪክ ሲሆን «ፈጠረ»፤ «ኢንቤንቶ»። ጠበኞች ሲሆኑ «ታረቁ»፤ «ኢሲዬሮን ላስ ፓሴስ»።

በዋሺንግተን ዲሲና በአካባቢው የኛ ሰውና የኤልሳልቫዶር ሰው አንድ ወጥ ቤት ውስጥ አብሮ መሥራቱ የተለመደ ነው። ማታ ሲዘጋ የሚነበብ ማስታወቂያ መጻፍ አለብን እንበል። እንግሊዝኛው እንዲህ ነው፦ «ተርን ኦፍ ዘ ስቶቭ፣ ዋይፕ ዳውን ዘ ቴብልስ፣ ፑት አዌይ ዘ ናይቭስ፣ ቴክ አውት ዘ ትራሽ፣ ሎክ አፕ።» አምስት ፍሬዛል ቨርብ ተደርድሯል። በአማርኛ አምስት ግሥ ነው፦ ምድጃውን አጥፉ፣ ጠረጴዛዎቹን ወልውሉ፣ ቢላዎቹን ወደ ቦታቸው መልሱ፣ ቆሻሻውን አውጡ፣ በሩን ቆልፉ። ስፓኒሹም፦ «አፓጌን ላ ኤስቱፋ፣ ሊምፒዬን ቢዬን ላስ ሜሳስ፣ ጉዋርዴን ሎስ ኩቺዮስ፣ ሳኬን ላ ባሱራ፣ ሲዬሬን ኮን ያቤ።» «ኦፍ»፣ «ዳውን»፣ «አዌይ»፣ «አውት»፣ «አፕ» አንዳቸውም የሉም። ሁሉም ግሡ ውስጥ ገብተዋል፤ «ዳውን» ብቻ «ቢዬን» ሆናለች፣ በደንብ።

አማርኛው ቶሎ ካልመጣላችሁ ሌላ ዘዴ አለ። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ እንግሊዝኛ ውስጥ ብዙ የፈረንሳይኛና የላቲን ቃል ገብቷል። ስለዚህ ብዙው ፍሬዛል ቨርብ ከላቲን የመጣ ወንድም አለው። «ፑት ኦፍ» ያው «ፖስትፖን» ነው፤ ስፓኒሹ «ፖስፖኔር»። «ፑት አፕ ዊዝ» ያው «ቶለሬት» ነው፤ «ቶሌራር»። «ፋይንድ አውት» «ዲስከቨር» ነው፤ «ዴስኩብሪር»። ወንድሙን ስታገኙ ስፓኒሹ ከጎኑ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ብቻ ሁልጊዜ የመጀመሪያውን አትውሰዱ። «መታገስ፣ መቻል» በየቀኑ ንግግር «አጉዋንታር» ነው፤ «ቶሌራር» ትንሽ ክራቫት ያሠረ ቃል ነው።

5. የቀረችውን መስተዋድድ አባሯት

ግሡን በትክክል መርጣችሁም የእንግሊዝኛዋ ትንሽ ቃል ተደብቃ ትከተላችኋለች። «ሉክ ፎር» «ቡስካር» ነው። «ፎር» ቀድማ ግሡ ውስጥ ገብታለች። ስለዚህ «ቡስኮ ፖር ሚስ ያቤስ» አይባልም፤ «ቡስኮ ሚስ ያቤስ» ነው። እኛም «ቁልፌን እፈልጋለሁ» እንላለን እንጂ «ለቁልፌ እፈልጋለሁ» አንልም። የሚፈለገው ሰው ከሆነ ግን «አ» ትጨመራለች፦ «ቡስኮ አ ሚ ኤርማኖ»፣ ወንድሜን እየፈለግሁ ነው።

ስፓኒሽ የራሱን መስተዋድድ የሚፈልግበት ቦታም አለ፤ ይህን በቃል መያዝ ነው። ስለ አንድ ነገር ማሰብ «ፔንሳር ኤን» ነው። በሕልም ማየት «ሶኛር ኮን» ነው፤ ቃል በቃል «ከ... ጋር ማለም»። ግሥ ስታጠኑ ከነመስተዋድዱ አጥኑ።

አሜሪካ የምትኖሩ ደግሞ «ቴ ያሞ ፓራ አትራስ» የሚል ትሰማላችሁ። «አይል ኮል ዩ ባክ» ቃል በቃል ተገልብጦ ነው። እዚያ ያደጉ ሰዎች ይግባቡበታል፤ አትሳለቁባቸው። ስትጽፉ ግን «ቴ ቦይ አ ያማር ሉዌጎ» ወይም «ቴ ዴቡዌልቦ ላ ያማዳ» በሉ። ሁለተኛው «ጥሪውን እመልስልሃለሁ» ነው።

6. ተውሳከ ግሥ ሲመጣ ወደ «ሜንቴ» አትሩጡ

የእንግሊዝኛ «ሊ» የስፓኒሽ «ሜንቴ» ናት ተብሎ ይማራል። ውሸት አይደለም። ግን በየዐረፍተ ነገሩ «ሜንቴ» ያለበት ጽሑፍ ይከብዳል፤ ትርጉም መሆኑም ከሩቁ ያስታውቃል። አማርኛ በ«ሊ» ፈንታ የሚጠቀምባቸውን መንገዶች አስቡ። ብዙዎቹ ስፓኒሽ ውስጥም አሉ።

የመጀመሪያው «በ» ነው። በጥንቃቄ፣ በትዕግሥት፣ በቁጣ። ስፓኒሽ «ኮን» ይላል፦ «ኮን ኩይዳዶ»፣ «ኮን ፓሲዬንሲያ»፣ «ኮን ራቢያ»። «ፍሪኩዌንትሊ» ሲመጣም «ኮን ፍሬኩዌንሲያ» ማለት ያምራል።

ሁለተኛው «ሳ» ናት። ሳይበላ፣ ሳይናገር፣ ሳያቋርጥ። ስፓኒሽ «ሲን» ይልና ግሡን ሳይረባ ያስከትላል፦ «ሲን ኮሜር»፣ «ሲን አብላር»፣ «ሲን ፓራር»። እንግሊዝኛው «ሳይለንትሊ» ካለ «ሲን አሴር ሩዊዶ»፣ ድምፅ ሳያሰማ። ባልታሰበ መንገድ የተደረገ ነገር ሲሆን «ሲን ኬሬር» ይባላል፤ ሳይፈልግ። ሰው ገፍታችሁ ይቅርታ ስትጠይቁም የምትሉት ይህንኑ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ከሁሉም ይበልጣል፤ እዚህ ቆም እንበል። እንግሊዝኛ በተውሳከ ግሥ የሚለውን ስፓኒሽ በግሥ ይለዋል።

«አጌን»ን እንይ። «ቦልቢዮ አ ያማር» ማለት ቃል በቃል «ለመደወል ተመለሰ» ነው። እኛስ? «መልሶ ደወለ።» «ደግሞ ደወለ» ብንልም «ደግሞ» ራሱ ከ«ደገመ» የወጣ ግሥ ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች ድግግሞሽን በግሥ ይናገራሉ።

«ግራጁዋሊ»ን እንይ። «ኤል ኒኞ ፉዌ ክሬሲዬንዶ»፦ ልጁ እያደገ ሄደ። «ኢር» መሄድ ነው። «ክሬሲዬንዶ» እያደገ ነው። አማርኛም «ሄደ»ን ይዟል! ቀስ በቀስ የሚለውን ቃል ፈልጋችሁ አትድከሙ፤ «እየ... ሄደ» ካላችሁ ስፓኒሹ ደርሷል።

«ጀስት» «አሁን ገና» ሲሆን «አካቦ ዴ ዬጋር» እንላለን፤ «አሁን መድረሴ ነው»። «ስቲል» ሲመጣ «ሲጌ ዮቢዬንዶ»፤ አሁንም እየዘነበ ነው፣ ቃል በቃል «መዝነቡን ቀጥሏል»። በአሉታ ሲሆን «ሲጎ ሲን ኤንቴንዴር»፤ አሁንም አልገባኝም። «ዩዥዋሊ» «ሶሌር» የሚባል ግሥ አለው፦ «ሱዌሌ ዬጋር ታርዴ»፣ ማርፈድ ያዘወትራል። «ኦልሞስት» ሊሆን ሲል የቀረ ነገር ላይ ሲመጣ «ፖር ፖኮ ሜ ካይጎ» ይባላል፤ ልወድቅ ነበር። ነገሩ ያለፈ ቢሆንም «ካይጎ» የአሁን ጊዜ ግሥ መሆኗን ልብ በሉ።

አራተኛው ቅጽል ነው። «ዬጎ ካንሳዳ»፦ ደክሟት መጣች። «ቢቢዬሮን ፌሊሴስ»፦ በደስታ ኖሩ። ቅጽሉ በጾታና በቁጥር ከባለቤቱ ጋር ይስማማል። «አብላር አልቶ»፣ ጮክ ብሎ መናገር፣ እና «ትራባኻር ዱሮ»፣ ጠንክሮ መሥራት፣ ግን አይለዋወጡም።

እነዚህ ሁሉ እምቢ ሲሉ «ሜንቴ» ትምጣ። ምንጯ የላቲን «ሜንስ» ነው፤ አእምሮ፣ ልብ ማለት ነው። «ሌንታሜንቴ» በመነሻው «በዝግተኛ ልብ» ነበር፤ እኛ «በቅን ልብ»፣ «በሙሉ ልብ» እንደምንለው። ቃሉ ላቲን ላይ ሴት ጾታ ስለነበረ ዛሬም ከፊቱ የሚቆመው ቅጽል በሴት ጾታ ነው፤ «ሌንቶሜንቴ» አይባልም። ሁለት ሲደረደሩ የመጨረሻው ብቻ ይይዛታል፦ «ሌንታ ኢ ኩይዳዶሳሜንቴ»። ቅጽሉ ላይ የድምፅ ምልክት ከነበረ ደግሞ «ሜንቴ» ስትቀጠልም አይነሣም።

እግረ መንገዴን «በጣም»ን ላንሣ፤ እኛን ታስታለችና። አማርኛ ለሁሉም «በጣም» ይላል። ስፓኒሽ ከቅጽልና ከተውሳከ ግሥ በፊት «ሙይ»፣ ከግሥ በኋላ «ሙቾ» ይላል። «ሙይ ቦኒቶ»፣ በጣም ቆንጆ። «ሜ ጉስታ ሙቾ»፣ በጣም ደስ ይለኛል። «ሜ ጉስታ ሙይ» ግን አይባልም።

7. የሚመሳሰሉትን አትመኑ

«አክቹዋሊ» «አክቱዋልሜንቴ» አይደለም። ስፓኒሹ «በአሁኑ ጊዜ» ማለት ነው። «እንደ እውነቱ ከሆነ» ማለት ስትፈልጉ «ኤን ሬያሊዳድ»፣ «እንዲያውም» ስትሉ «ዴ ኤቾ» በሉ።

«ኢቨንቹዋሊ» የባሰ ነው። እንግሊዝኛው «ውሎ አድሮ» ሲል «ኤቤንቱዋልሜንቴ» ደግሞ «ምናልባት፣ ካጋጠመ» ነው። ደመወዝ ውሎ አድሮ ይከፈልሃል የተባለ ሰው «ኤቤንቱዋልሜንቴ» ተብሎ ከተተረጎመለት ላይከፈለኝ ይችላል ብሎ ይሄዳል። እዚህም ግሥ ይረዳናል፦ «አካቦ አሴፕታንዶ»፣ በመጨረሻ ተቀበለ።

«ሃርድሊ» «አፔናስ» ነው፤ ከ«ዱሮ» ጋር ዝምድና የለውም። «አልቲሜትሊ» ደግሞ «ኡልቲማሜንቴ» አይደለም፤ እሱ «ሰሞኑን» ማለት ነው።

«ሆፕፉሊ» ሲመጣ «ኦኻላ» የሚባል ውብ ቃል አለ። ከአንዳሉስ ዐረብኛ የገባ ነው፤ መነሻው «አላህ ቢፈቅድ» ነው። ዛሬ የየትኛውም እምነት ሰው ይለዋል። ከኋላው ያለው ግሥ ዘንድ አንቀጽ፣ ማለትም ምኞትን የሚያሳየው የግሥ መልክ፣ መሆን አለበት፦ «ኦኻላ ዩዌባ»፣ ምነው በዘነበ።

8. አንባቢው የየት አገር ሰው ነው?

መብራት ማብራት ስፔን ውስጥ «ኤንሴንዴር»፣ በብዙ የላቲን አሜሪካ አገሮች «ፕሬንዴር» ነው፤ ሁለቱም ይገባል። «ኮኼር» ግን አደጋ አለው። ስፔን ውስጥ አውቶቡስ ለመያዝም፣ ስልክ ለማንሣትም የሚባል ንጹሕ ቃል ነው። ሜክሲኮና አርጀንቲና ውስጥ ነውር ነው። «ፒክ አፕ ዘ ፎን» ሲመጣ «ኮንቴስታር» በሉ፤ በሁሉም አገር ያለ ሐፍረት ይሠራል። ሜክሲኮ ውስጥ «አኦሪታ» ከሰማችሁ «አሁኑኑ»ም «ትንሽ ቆይቼ»ም ሊሆን ይችላል፤ እንደ ድምፁ ነው። የሥራ ትእዛዝ ላይ አትጻፏት።

9. አንድ ዐረፍተ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ

«ሺ ኳይትሊ ጎት አፕ፣ ኦልሞስት ኖክድ ኦቨር ዘ ላምፕ፣ ኤንድ ዌንት ባክ ቱ ቤድ፣ ስቲል ቲንኪንግ አባውት ዘ ኮል።»

መጀመሪያ እንግሊዝኛውን ሸፍኑትና በአማርኛ ተናገሩት። «ድምፅ ሳታሰማ ተነሣች፤ መብራቱን ልትጥለው ነበር፤ ከዚያ አሁንም ስለ ስልክ ጥሪው እያሰበች ወደ አልጋዋ ተመለሰች።»

አሁን አንድ በአንድ። «ኳይትሊ» «ሳታሰማ» ሆኗል፤ ስለዚህ «ሲን አሴር ሩዊዶ»። «ጎት አፕ» «ተነሣች»፤ «ሴ ሌባንቶ»። «ኦልሞስት» ከ«ኖክድ ኦቨር» ጋር «ልትጥለው ነበር»፤ «ፖር ፖኮ ቲራ»። «ዌንት ባክ» «ተመለሰች»፤ «ቦልቢዮ»። «ስቲል ቲንኪንግ አባውት» «አሁንም እያሰበች»፤ «ፔንሳንዶ ቶዳቢያ ኤን»። እዚህ «ስቲል»ን እንደ «ሲጌ» ባለ ግሥ ብንለው ግሥ በግሥ ላይ ስለሚደራረብ «ቶዳቢያ»፣ አሁንም፣ ይሻላል። «አባውት» ደግሞ «ኤን» ሆናለች፤ ከ«ፔንሳር» ጋር የምትሄደው እሷ ናት።

«ሴ ሌባንቶ ሲን አሴር ሩዊዶ፣ ፖር ፖኮ ቲራ ላ ላምፓራ ኢ ቦልቢዮ አ ላ ካማ፣ ፔንሳንዶ ቶዳቢያ ኤን ላ ያማዳ።»

«ሜንቴ» አንድም የለችም። ነገ እናንተ በምታነቡት ዜና ወይም መልእክት ላይ አምስት ዐረፍተ ነገር መርጣችሁ በዚሁ መንገድ ሞክሩት። የጻፋችሁትን አሳድራችሁ፣ በማግስቱ እንግሊዝኛውን ሳታዩ ስፓኒሹን ብቻ አንብቡት፤ የተንገዳገደችው ቃል ያኔ ራሷን ታሳያለች።